መሶብ ለቤተሰብ ራት፦ ለሐዋሳ ቤት የትኛው ይሻላል?

ራት ላይ ቤተሰቡ እንዲጫወት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ከልጆቹ ጠባይ ወይም ከስልኩ ይፈልጋል። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ከዚያ በፊት ግን መታየት ያለበት ትሪው የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ማን ከማን ፊት ለፊት ይቀመጣል? ማን ማንን ለማየት አንገቱን ያዞራል? ትንሹ ልጅ ወጡን ሰው ሳያግዘው ይደርስበታል? የጎረሰ ሰው ወዴት ይደገፋል? ወሬው የሚሞቀውም የሚበርደውም በእነዚህ ነው። ስለዚህ መሶብን እዚህ የምንገመግመው እንደ ሳሎን ጌጥ ሳይሆን በየቀኑ እንደሚበላበት ገበታ ነው።

የተለመደውን የሐዋሳ ሳሎን እንውሰድ። በኤል ቅርጽ የተዘረጋ ሶፋ፣ መሐል ላይ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ከሶፋው ትይዩ ቴሌቪዥን። ትሪው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና ሦስት ሰው በአንድ ረድፍ፣ ሁለት ሰው በጎን ይሆናል። በረድፉ ጫፍና ጫፍ ያሉት አይተያዩም፤ መሐል ያለው ይጋርዳቸዋል። ሶፋው ሲቀመጡበት ስለሚሰምጥ ለመጉረስ ማጎንበስ፣ ለማላመጥ ወደ ኋላ መደገፍ ግድ ነው። የተደገፈ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ደግሞ ስክሪኑ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ እንኳ ቢሆን ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ዞረዋልና ጨዋታው ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሁለት ሰዎች መካከል ይቀራል፤ ቤተሰቡን አንድ ላይ አይሰበስብም።

መሶቡ ይህን የሚለውጠው በቅርጹ ነው። 55 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትሪ የተቀመጠበት መሶብ ዙሪያ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ደረቱ ከትሪው ጠርዝ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰዎች እንግዲህ ከ125 እስከ 135 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይራራቃሉ ማለት ነው፤ ድምፅ ከፍ ሳያደርጉ የሚነጋገሩበት፣ የልጅ ፊት ሲከፋው ወዲያው የሚታይበት ርቀት ነው። ባለ ስድስት ወንበር የምግብ ጠረጴዛ ላይ ራስጌና ግርጌ የተቀመጡት ወደ ሁለት ሜትር ይራራቃሉ፤ እነሱ ሲነጋገሩ መሐል ያሉት ዝም ብለው ይሰማሉ።

ክብ ሆኖ አብሮ መብላት ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት በመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚዘጋጀው ቡርሳሜ ሻፌታ በሚባለው ሰፊ የሸክላ ዕቃ ቀርቦ ቤተሰብና ጎረቤት ዙሪያውን ሆኖ ይበላዋል። ዕቃው ሸክላ ነው፣ መሶቡ ሣር ነው፤ አሠራራቸው ግን አንድ ነው፦ አንድ ማዕድ፣ አንድ መሐል፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ውስጥ የመለሰበት።

ስፋቱና ቁመቱ

ለስንት ሰው የሚለውን ሻጭ ሲጠየቅ «ለቤተሰብ ይበቃል» ይላል። በራስ መለካት ይሻላል። 55 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትሪ ዙሪያው 173 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለ4 ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ 43 ሳንቲ ሜትር፣ ለ5 ሰው 35፣ ለ6 ሰው 29 ይደርሳል። 8 ሰው ሲሆን 21 ወይም 22 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ክርን ከክርን ይጋጫል፣ ትልልቆቹ ወንድሞች ወደ ፊት ይገባሉ፣ ትንሹ ከኋላ ቀርቶ በትከሻ መሐል እጁን ይሰዳል። እንዲህ የተቀመጠ ልጅ አይጫወትም፤ ጨርሶ መነሳት ነው የሚፈልገው። ከ6 ሰው በላይ ለሆነ ቤተሰብ አንድ ግዙፍ መሶብ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መሶብ ገዝቶ ትልልቆቹንና ልጆቹን አደባልቆ ማስቀመጥ ይሻላል። ትልልቆቹ በአንዱ፣ ልጆቹ በሌላው ከሆኑ ግን ልጆቹ ከትልቅ ሰው ጨዋታ የሚማሩት ነገር ይቋረጣል።

የትሪው ስፋት ከቤቱ ምጣድ ጋር መስማማት አለበት። እንጀራው ከትሪው ሰፍቶ ከተንጠለጠለ ወጡ በጠርዙ ወርዶ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ከቤት ሲወጡ በምጣዱ ስፋት ልክ ሲባጎ ቆርጦ መያዝ ከሁሉም የቀለለ ዘዴ ነው። ትሪው ዝርግ ሳይሆን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ይሁን። የመሶቡ አፍ ከትሪው ጥቂት ሰፋ ብሎ ትሪውን ሲይዘው ጥሩ ነው፤ ትሪው ከላይ ተንሳፎ የሚቀመጥበት መሶብ አንድ ልጅ ጠርዙን ሲጫነው ይገለበጣል።

ቁመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መለኪያው መሶቡ ብቻውን አይደለም፤ ከበርጩማው ጋር ያለው ልዩነት ነው። የመሶቡ አፍ ከበርጩማው መቀመጫ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በርጩማው 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መሶቡ ከ50 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ልዩነቱ ከ10 ካነሰ ትልቅ ሰው ወገቡን አጥፎ ስለሚበላ ከአንገቱ ቀና ብሎ ሌላውን ሰው ለማየት ይሰለቻል። ከ25 ከበለጠ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ጠርዙ አገጩ ላይ ይደርስበታል፤ ልጁ ይንበረከካል ወይም ይቆማል፣ ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳይነቅል ይበላል።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት ያሉበት ቤት ሌላ ስሌት ይፈልጋል። እሳቸውን ብቻ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ከክቡ ያወጣቸዋል፤ ከላይ ሆነው ወደ ታች ይመለከታሉ፣ ትሪውም ይርቅባቸዋል። 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ መደገፊያ ያለው መቀመጫ ይሰጣቸውና መሶቡን 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ጣውላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከሲዳማ ደጋ ከሚመጣ ቀርከሃ የሚሠሩት መቀመጫዎች ቀላል ስለሆኑና በተፈለገው ቁመት ስለሚታዘዙ ለዚህ ይመቻሉ። እግሮቹ በሴራሚክ ወለል ላይ ስለሚንሸራተቱ ከሥራቸው ጎማ ማስመታት አይረሳ።

ስፌቱን መፈተሽ

መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ ሣር በወስፌ ይሰፋል፤ ቀለም የተነከረው ሣር አለላ ይባላል። ገበያ ላይ አሁን በሰው ሠራሽ ክር የተሰፋም አለ። ክሩ ቀለሙ ያምራል፣ በውኃም ቶሎ አይጎዳም፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ጥቅል ልል ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ አፉ ይጣመማል። ለዕለት ገበታ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ የሣር መሶብ እንመርጣለን። ዋጋ አንጽፍም፤ በየጊዜው ይለዋወጣልና። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ግን የስፌቱ ጥግግት መሆን አለበት፤ ለአለላው ጌጥ ብቻ ብዙ አይከፈልም።

ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአውራ ጣት ጥፍር በሁለት ዙር ስፌት መካከል ይሞከር፤ ከገባ ልል ነው። ሆዱ ወደ ብርሃን ተይዞ በውስጥ ሲታይ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ፍርፋሪም ያሳልፋል። ወለል ላይ አስቀምጦ መዳፍን ጠርዙ ላይ በማሳረፍ ክብደት መጫን ያስፈልጋል፤ ሌላው ወገን ከተነሳ እግሩ ጠባብ ነው። የእግሩ ስፋት ቢያንስ የአፉን ሁለት ሦስተኛ ይሁን፤ ሕፃን ያለበት ቤት ከዚህ በታች አይግዛ። በረጠበ ነጭ ጨርቅ አለላው ይታሸት፤ ቀለም ከለቀቀ የልጆች ልብስና እጅ ያበላሻል። አፍንጫን ወደ ውስጥ አስገብቶ ማሽተትም ነውር አይደለም፤ የሻጋታ ሽታ ያለው መሶብ ቤት ሲገባ አይለቅም።

ክዳኑ በእኛ ግምት የዕቃው ዋና ክፍል ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች እንመለስበታለን። ለጊዜው ሁለት ነገር ይታይ። ሲከደን ዙሪያውን እኩል ማረፍ አለበት፣ ከትሪው በላይ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው፤ አለዚያ የተከመረው ወጥ ክዳኑን ይነካዋል። ያለ ክዳን የሚሸጥ መሶብ ግማሽ ዕቃ ነው።

የቤት ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ በመሶብ ቅርጽ የተሠሩ የእንጨት ገበታዎችም አሉ። አይወድቁም፣ ይጸዳሉ፣ ለብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ጉድለታቸው ክብደታቸው ነው፦ ከቦታው ስለማይነሳ ብዙ ጊዜ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል፤ ላዩ ላይ ቻርጀር፣ ደብተርና የቁልፍ መያዣ ይከማችበታል። ረጅሙ የምግብ ጠረጴዛ ለቁርስና ለቤት ሥራ ጥሩ ነው። ራት በየሰሃኑ ሲቀርብበት ግን ሰሃኑን ይዞ ወደ ሶፋ መሄድ በጣም ቀላል ይሆናል። ከመሶብ ድርሻን ይዞ መሄድ አይቻልም።

ክዳኑ ሲነሳ

መሶቡ ተገዝቶ ጥግ ላይ ከቆመ የሚለውጠው ነገር የለም። የሚሠራው በሥርዓት ሲቀርብ ነው፣ ሥርዓቱም በክዳኑ ይጀመራል። እንጀራውና ወጡ ቀርቦ፣ ክዳኑ ተከድኖ ሁሉም እስኪሰበሰብ ይቆያል። ሐዋሳ ላይ ይህ ለምግቡም ያስፈልጋል፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት፣ በተለይ ማራገቢያ በሚሠራበት ክፍል፣ ያልተከደነ እንጀራ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጠርዙ ይደርቃል። ክዳኑ የሚነሳው ሁሉም እጁን ታጥቦ፣ ጸሎት የሚያደርግ ቤት ጸሎቱን አድርሶ ሲያበቃ ብቻ ነው። «ኑ ብሉ» እያሉ አራት ጊዜ ከመጣራት ይህ ይሻላል፤ ክዳኑ እንደማይነሳ ያወቀ ልጅ ሌላውን ራሱ ሄዶ ይጠራል።

ማስታጠቢያውን ቧንቧ ባለበት ቤትም አንተወው። ለ6 ሰው 2 ሊትር ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃል። የሚያስታጥበው ልጅ እየዞረ ከእያንዳንዱ ሰው ፊት ጎንበስ ይላል፣ «ተባረክ»፣ «እደግልኝ» ይባላል፣ ትልቁም ሰው ስሙን ጠርቶ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ቀኑን ሙሉ ያልተገናኙ ሰዎች ፊት ለፊት የሚተያዩበት የመጀመሪያው ሰዓት ይህ ነው። ተራው በየቀኑ ይዙር፤ ሁልጊዜ በሴት ልጅ ላይ ብቻ ከወደቀ ቅሬታ ይዛ ትቀመጣለች፣ ያም በገበታው ላይ ይታወቃል።

አቀራረቡ ላይ ትልቁ ስህተት ሁሉንም ወጥ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ነው። ሽሮና ጎመን ብቻ ያለበት ትሪ በ8 ወይም በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ ጨዋታ ሳይጀመር ሰው ይነሳል። አንድ እንጀራ ይነጠፍ፣ የተጠቀለሉት በጎን ይቀመጡ፣ ከወጡ ሲሶው በድስት ይቆይ። ረሃቡ ሲበርድ፣ በግምት ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ጭልፋው ሁለተኛ ይምጣ። ወጥ የጨመረው ሰው ሁሉንም «ይጨመርልህ? ይጨመርልሽ?» እያለ ይዞራል፤ ሁሉም ቀና ይላል፣ ያኔ ነው ወሬ የሚከፈተው። ጭልፋው ሲመጣ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ያሰበ ወላጅ ራቱን በቀላሉ ወደ ጨዋታ ያሸጋግረዋል።

የምግቡ ዓይነትም ይናገራል። የሐዋሳ ቤት ያለ ዓሣ አይሆንም፤ ነገር ግን ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ ለጨዋታ የሚሆን ራት አይደለም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እሾህ ይለቅማል፣ እናት የልጁን ድርሻ ስትፈታ የራሷ ይቀዘቅዛል፣ እያወሩ መብላትም እሾህ ያስውጣል። ሙሉ ዓሣ ለቅዳሜ ምሳ፣ ጊዜ ላለበት ቀን ይቆይ። ለራት የዓሣ ጉላሽ፣ ለብለብ ወይም ደቃቅ እሾህ የሚያንሰው አምባዛ ይሻላል፤ አጥንት መጣያ ሰሃን ከመሶቡ ውጭ፣ ከበርጩማው ጎን ይቀመጥ። የዓሣ ሾርባ መሶብ ላይ አይወጣም፤ ፈሳሽ ስፌት ውስጥ ከገባ ሽታው አይወጣም።

በአንድ ቤት ጿሚና የማይጾም ሲኖር ሁለት ትሪ ይመጣል፣ ክቡም ለሁለት ይከፈላል። ረቡዕና ዓርብ ለሁሉም የጾም በየዓይነቱ ቢቀርብ፣ የፍስኩን ለሚፈልግ ደግሞ በትንሽ ሰሃን ለብቻው ቢሰጥ መሐሉ አይፈርስም። ተቃራኒው፣ የፍስኩ ትሪ መሐል ሆኖ ጿሚው ጥግ ላይ ሰሃን ይዞ መቀመጡ፣ ጿሚውን ከማዕድ ያስወጣዋል።

ስለ ጉርሻ አንድ ነገር። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ያምራል» ይባላል፤ ለእንግዳና ለሠርግ እውነት ነው። ለዕለት ራት ከአውራ ጣት ያልበለጠች፣ በታጠበ እጅ የተጠቀለለች፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የምትሰጥ ጉርሻ ትበቃለች። የምትሰጠውም ጥሩ ነገር ለተናገረ ሰው ይሁን፤ ተኮራርፈው ለዋሉ ወንድምና እህትም ከይቅርታ ቃል ይልቅ ጉርሻ ይቀላል። ያልፈለገን ልጅ አፉን በግድ ማስከፈት ግን ቂም ነው የሚያተርፈው። ጉንፋን የያዘው ሰው ተራውን ይለፍ።

ዝምታና ጨዋታ

ብዙ ሰው ያደገው «ሲበላ አይወራም» ተብሎ ነው። ደንቡ መሠረት አለው፤ ምግብ ያለበት አፍ ሲናገር ትን ይላል፣ ምግብንም ማክበር ነው። ስለዚህ ደንቡን ማፍረስ አያስፈልግም፤ «የጎረስከውን ሳትውጥ አትናገር» ብሎ ማጥበብ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በዝምታ ቢያልፉ ምንም አይደለም፤ የተራበ ልጅን መጠየቅ ማስቸገር ነው። በአሮጌው ሥርዓት ወጉ የሚመጣው ከምግቡ በኋላ በቡናው ነበር፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ረከቦቱ መሶቡ በተነሳበት ቦታ ቢቀርብ፣ ሰው ሳይነሳ ክቡ ይቀጥላል። ማታ ቡና እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰዎች ሻይ ይጠጡ፣ ልጆች ሙዝ ወይም አናናስ ይቅረብላቸው፤ ዋናው ነገር ክቡ ለሌላ 20 ደቂቃ አለመበተኑ ነው።

«እንዴት ዋልክ?» የሚለው ጥያቄ «ደህና» ብቻ ያስገኛል። ሰላምታ ነውና መልሱም የሰላምታ ነው። የሚያናግረው ትንሽና የተወሰነ ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ማን ነበር በረኛ?»፣ «ባጃጁ በየት በኩል አመጣሽ?»፣ «ሐይቁ ዳር ስታልፉ ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ምን ያደርጉ ነበር?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ትክክልና ስህተት የለውም፤ ልጁ ያየውን ይናገራል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከልጁ መልስ ውስጥ የተወሰደ ይሁን፤ አዲስ ርዕስ መክፈት ምርመራ ይመስላል። ለትልቅ ሰው ደግሞ ጥያቄው ከልጆቹ ቢመጣ ያምራል፦ «እማማ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ራት የት ነበር የሚበላው? ማነው የሚያስታጥበው?» እንዲህ ሲጠየቁ አያት ይጀምራሉ፤ ሌላው ሰው ሥራው አለማቋረጥ ነው።

ከገበታ መራቅ ያለባቸው ጉዳዮችም አሉ፦ የፈተና ውጤት፣ የዕዳና የቤት ኪራይ ነገር፣ የጎረቤት ልጅ ጉብዝና፣ ቀን የተሠራ ጥፋት። እነዚህ ሁሉ መነገር አለባቸው፤ ቦታቸው ግን መሶቡ አይደለም። ማርክ የተጠየቀ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ራት ላይ «አልራበኝም» ይላል። የአበላል ሥርዓትም በአንድ ራት ከአንድ ጊዜ በላይ ባይታረም ይሻላል፤ ቀሪው በዓይን ይበቃል።

ወሬ የጠፋ ዕለት ከእንቆቅልሽ የተሻለ መፍትሔ የለም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ወይም «እንቆቅልሽ» ይላል፣ መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል፣ ጥያቄው ይከተላል። ገበታው ራሱ ያቀርበዋል፦ «ሺህ ዓይን አላት፣ አንዱም አያይላትም» ቢባል እንጀራ ናት። «ሲገዙት ጥቁር፣ ሲሠራ ቀይ፣ ሲጣል ነጭ» ከሰል ነው። ያላወቀ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ አገር ይሰጣል፤ ይርጋለም፣ ዲላ፣ አዳማ እየተባለ የስድስት ዓመት ልጅ ከተሞችን ይለምዳል። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ አገር ከተቀበሉ በኋላ የሚባለው የማሾፊያ ግጥም ይቅርበት፤ ተሸንፎ የሚያለቅስ ልጅ ራቱን ይተዋል። ጨዋታው ከሁለተኛው ጭልፋ በኋላ ይጀመር፣ ከሦስት ዙር አይለፍ።

ስልክ በሚመለከት ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ በር አጠገብ ትቀመጥና የአባትና የእናት ስልክ አስቀድሞ ይግባባት፤ ልጆች የሚያዩት ይህን ነው። ሆስፒታል የሚሠራ ወይም ተራ ያለው ሰው ስልኩን ድምፁን ከፍቶ እዚያው ያኑር። ቴሌቪዥኑ ክዳኑ ከመነሳቱ በፊት ከሶኬቱ ይነቀል። ፕሮግራም መሐል ማጥፋት ጠብ ስለሆነ ሰዓቱ ይስተካከል፤ የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና የሚከታተል ቤት ራቱን 1 ሰዓት ላይ ይብላ ወይም ዜናው እስኪያልቅ ይቆይ። መብራት ሲጠፋ በቻርጅ የሚሠራውን መብራት መሶቡ ላይ አለማስቀመጥ ነው፤ ፊት ለፊት ያሉትን ይጋርዳል፣ ዓይንም ይወጋል። ከራስ በላይ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በረንዳ ላይ ምሳ ደስ ይላል፤ ማታ ግን ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ ስለማያስቀምጥ፣ ወባም ስላለ፣ ራት ቤት ውስጥ ይሁን።

አያያዙ

የሣር መሶብ የሐዋሳን ክረምት አይወድም። ትኩስ እንጀራ ከምጣድ ወደ መሶብ ከገባ እንፋሎቱ ስፌቱን ያረጥበውና በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል፤ መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ይብረድ። ወጥ ሲፈስበት ተጨምቆ የወጣ እርጥብ ጨርቅ በስፌቱ አቅጣጫ ይጠረግበት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። ውኃ ውስጥ መንከር ውስጡ ያለውን ጥቅል ያበሰብሰዋል። ከተጠረገ በኋላ ተዘቅዝቆ ነፋስ ባለበት ጥላ ይድረቅ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ መሶብ አለላው ይነጣል፣ ሣሩም ይሰባበራል። ማታ ማታ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ይደር፣ ከግድግዳም አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ፍርፋሪ ከቀረበት በረሮ ይገባበታል።

ከጥቅሙ አንጻር ከ3 እስከ 6 ሰው ላለበት፣ ራቱን አብሮ በተመሳሳይ ሰዓት መብላት ለሚችል ቤት ከማንኛውም ጠረጴዛ በፊት ይህን እንመክራለን። አባል በየፈረቃው የሚገባበት ቤት፣ ለምሳሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ያሉበት፣ በየቀኑ ሊጠቀምበት አይችልም፤ በሳምንት ሁለት ቋሚ ምሽት መርጦ መሶቡን ለዚያ ቢያውለው ይሻላል። ወገባቸውን የታመሙ ብዙ ሰዎች ያሉበት ቤት ደግሞ ክብ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ስፋቱ ከ110 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ከመደበኛ ወንበር ጋር ይግዛና ትሪውን መሐል ያድርግ።

መሶብ መጀመሪያ የሚፈታው ጠርዙ ላይ ነው፣ ትንሹ ልጅ ዘወትር በሚይዝበት ቦታ። የወጣውን ሣር አለመጎተት ነው፤ ከጎተቱት ዙሩን ሁሉ ይፈታል። በዚያው ቀን በክር ይታሰርና መስፋት ለሚችል ሰው ይሰጥ። የሚገባው ሣር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ካልለሰለሰ ወስፌው በበሳው ቀዳዳ ሲያልፍ ይሰበራል። መሶቡ ጥገና ላይ በሚቆይባቸው ቀናት ትሪው አንድ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ሌሎቹ በርጩማዎች በነበሩበት ቦታ ይቆዩ፤ ልጆቹ ማን የት እንደሚቀመጥ ለምደውታል።